ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ ምንድን ነው? በቆርቆሮ ቤት ውስጥስ እንዴት ይቀነሳል?

ባለፈው ቅዳሜ ሲመሻሽ ጎረቤቴ ስልኩን እንደ ጧፍ ወደፊት ዘርግቶ ቤቴ ገባ። "አልጋዬ ጨረር ይለቃል" አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

የምንኖረው ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ክፍል፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ አከራይ። ክፍሎቹ ከመሬት እስከ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነው ውስጣቸው ኮምፔንሳቶ ተለብጧል። በቅርቡ ፊት ለፊታችን ያለው ፎቅ አናት ላይ የሞባይል አንቴና ተተከለ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ወሬ ሁሉ ጨረር ሆነ። ራስ ምታቱም ጨረር ነው፣ የእማማ ዶሮ እንቁላል ማቆሟም ጨረር ነው። ጎረቤቴ ደግሞ "ጨረር መለኪያ" የሚል አፕ አውርዶ ግቢውን ሲያስስ ነው የዋለው።

ሄጄ አየሁ። አፑ ግቢው መሃል ላይ 36 ይላል። የአልጋው ብረት ጋ ሲጠጋ 90 ገባና በቀይ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

"እሺ፣ መብራቱን እናጥፋውና እንየው" አልኩትና ዋናውን ብሬከር አወረድኩት። ግቢው ጨለመ። ወዲያው ከኩሽና የእማማ ድምፅ መጣ፤ "ኧረ እናንተ ልጆች! እንጀራዬ ምጣድ ላይ ነው!" እኛ ስልኩ ላይ አፍጥጠናል። 90። ንቅንቅ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ውስጥ ያለው ማግኔት መለኪያ ለኮምፓስ የተሠራ ነው። የሚያነበው በዋናነት የመሬትን ማግኔት ነው። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናት፤ መስኳም እንደየቦታው ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ ነው) ይደርሳል። ብረት አጠገቡ ሲኖር ይህን መስክ ያጣምመዋል፣ ወደራሱም ይሰበስበዋል፣ ብረቱ ራሱም ትንሽ ማግኔት ይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ደክሞ ያገኘው፣ አልጋው ከብረት መሠራቱን ነው። ከአንቴናው የሚመጣውን ማዕበል እንዲህ ያለ አፕ ፈጽሞ ሊለካው አይችልም። ሌላ ዓይነት ነገር ነው።

ታዲያ ኤሌክትሮማግኔቲክ መስክ የሚባለው ምንድን ነው?

መስክ ስንል አንድ ነገር ሳይነካችሁ በዙሪያው የሚያሳርፈው ጉልበት የሚደርስበትን ቦታ ማለታችን ነው። ኤሌክትሪክ ሁለት ዓይነት መስክ አለው። ቮልቴጅ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ባለበት ሁሉ የኤሌክትሪክ መስክ አለ። ከረንት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ በሚሄድበት ሁሉ ደግሞ የማግኔት መስክ አለ። ሁለተኛውን ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ በ1820 እ.ኤ.አ. ነው ያሳየው፤ ሽቦ ውስጥ ከረንት ሲለቅ አጠገቡ የነበረው የኮምፓስ መርፌ ዞረ።

ቤታችሁ ውስጥ ይህን ለማየት ካውያ ይበቃል። ሶኬት ላይ ሰክታችሁት ግን ሳይበራ ቢቀመጥ፣ ገመዱ ውስጥ 220 ቮልት ስላለ የኤሌክትሪክ መስክ አለው፣ የማግኔት መስክ ግን የለውም። ስታበሩት ሁለቱም ይኖራሉ። ምጣድ ስትለኩሱ ደግሞ የማግኔቱ መስክ በደንብ ከፍ ይላል፤ 3500 ዋት የሚበላ ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባልና። ይህ መስክ አቅጣጫውን እየቀያየረ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እኛ ሀገር ያለው መብራት 50 ኸርዝ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ምልልሱ በጣም ሲፈጥን መስኩ ምንጩን ትቶ እንደ ማዕበል ይሄዳል። ሞባይል በሰከንድ 900 ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ፣ ዋይፋይ 2.4 ቢሊዮን ጊዜ። ሰው "ጨረር" የሚለው ይህንን ነው፤ ቃሉ ልክ ነው፣ ችግሩ የሚያስታውሰን ነገር ነው። ጨረር ሲባል ራጅና ኒውክሌር ቦምብ ነው የሚታየን። የመስኮት ብርሃንም እኮ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው! ከሞባይል ማዕበል እጅግ የፈጠነ ምልልስ ያለው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ፊታችን ላይ የሚያርፍ። ራጅ ከአተም ላይ ኤሌክትሮን መንጭቆ ማውጣት ይችላል፣ አደጋው እሱ ነው። የሞባይልና የዋይፋይ ማዕበል ለዚያ አቅም የለውም። በእርግጠኝነት የሚታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው፤ ያውም ኃይሉ ሲበዛ።

ካንሰርስ? በ2002 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የመብራት ማግኔት መስክን፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሞባይል ዓይነቱን ማዕበል "ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል" ከሚባለው 2ቢ ምድብ ውስጥ አስገብቷል። ይህች "ይሆናል" ከባድ ቃል ናት። ሙሉ የእሬት ቅጠል ተጨምቆ የሚወጣውም እዚያው ምድብ ውስጥ አለ። የመብራቱ መስክ እዚያ የገባው ቤታቸው ውስጥ በአማካይ ከ0.3 ወይም ከ0.4 ማይክሮቴስላ በላይ በሆነባቸው ሕፃናት ዘንድ የደም ካንሰር ትንሽ ከፍ ብሎ ስለታየ ነው፤ ምክንያቱ መስኩ ስለመሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ሞባይልን በተመለከተ ደግሞ ድርጅቱ ያሠራውና በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰፊ ግምገማ 63 ጥናቶችን አይቶ በስልክ አጠቃቀምና በአንጎል ካንሰር መካከል ግንኙነት አላገኘም።

የኔ አቋም ይኸው ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የለም፣ ግን ያለ ወጪ የሚቀነሰውን መቀነስ አይከፋም። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሲመጣ ግን ጠርጥሩ። ስልክ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ "የጨረር መከላከያ" ስቲከር ለጎረቤቴም ሊሸጡለት ነበር። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ነገሮች እንደማይሠሩ፣ እንዲያውም ሲግናሉን አውከው ስልኩ የበለጠ ኃይል እንዲያወጣ ሊያደርጉ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል።

"የበለጠ ኃይል እንዲያወጣ" የምትለዋን ያዙልኝ። የቆርቆሮ ቤት ጉዳይ እሷ ላይ ነው ያለችው።

ቆርቆሮ ለሞባይል ማዕበል ግድግዳ ነው። በሬ ላይ ስቆም ስልኬ ላይ አራት መስመር ይታያል። ገብቼ በሩን ስዘጋ አንድ ይቀራል። ይህ ማለት ከፊት ለፊቱ ፎቅ የሚመጣው አብዛኛው ቆርቆሮው ላይ ነጥሮ ተመልሷል ማለት ነው። "እሰይ" ልትሉ ነው። ቆዩ። ስልክ እኮ የሚሰማ ብቻ አይደለም፣ መልሶ ይናገራል። አንቴናው በደንብ ሲሰማው በሹክሹክታ ያወራል፤ አልሰማ ሲለው ግን ይጮሃል። የ2ጂ ስልክ በ900 ሜጋኸርዝ ላይ ሲጮህ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፣ እየቆራረጠ ስለሚልክ አማካዩ ወደ ሩብ ዋት ነው። ያቺ ሩብ ዋት ከጆሯችሁ አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ናት። አንቴናው ብዙ ዋት ቢያወጣም መንገድ ተሻግሮ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሳችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል። ደግሞም አንቴና ማዕበሉን የሚልከው ወደ ጎን፣ ትንሽ ዘንበል አድርጎ ነው እንጂ እግሩ ስር አያፈሰውም። እንግዲህ ግቢው ተሰብስቦ አንቴናውን ቢያስነሳ፣ ስድስት ክፍል ውስጥ ያሉት ስልኮች በሙሉ የባሰ ይጮሃሉ ማለት ነው። ይህን ለግቢው ሰው ማስረዳት ግን ቀላል እንዳይመስላችሁ።

በዚህ ጉዳይ የግቢያችን ሊቅ ሳያውቁት እማማ ናቸው። ስልክ ሲደወልላቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ግቢው ይወጣሉ፣ ስፒከር ላይ ያደርጉታል፣ ከዚያ ስልኩን እንደ መስታወት ፊት ለፊታቸው ይዘው "አቤት ልጄ!" ይላሉ። ሙሉ ሰፈሩ የልጃቸውን ኪራይ ያውቃል። ግን ኔትወርክ ያለበት ቦታ ቆመው፣ ስልኩን ከጭንቅላታቸው አርቀው ነው የሚያወሩት። ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ለምስጢር ከሆነ በገመድ ኢርፎን።

ቤት ውስጥ ዋይፋይ ካለ ደግሞ በቴሌግራም ወይም በኢሞ መደወል ይቀላል። ራውተር ክፍሉ ውስጥ ስላለ ስልኩ መጮህ አያስፈልገውም። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጋችሁ ዋይፋዩን ብቻ ብትከፍቱት ይበልጥ ጥሩ። ራውተሩ ራሱ በተለምዶ ከ0.1 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ከራስጌያችሁ አንድ ሁለት ሜትር ይራቅና እርሱት። ስልኩንም ማታ ከትራስ ስር አውጡት። ለማዕበሉ ብቻ አይደለም፤ ቻርጅ ላይ ሆኖ ጨርቅ ውስጥ የተቀበረ ስልክ ይግላል።

የመብራቱ መስክ ሌላ ጠባይ አለው። የማግኔት መስክን ጭቃም ኮምፔንሳቶም አያቆመውም፤ ስስ ቆርቆሮም ትንሽ ቢያጣምመው እንጂ በደንብ አያግደውም። በደንብ የሚያሸንፈው ርቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ሰንጠረዥ ላይ ካውያ በ3 ሴንቲ ሜትር ከ8 እስከ 30 ማይክሮቴስላ ነው፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ግን ከ0.12 እስከ 0.3። አንድ ማስመሪያ ርቀት ብቻ! ዓለም አቀፉ ከጨረር የመከላከል ኮሚሽን (ICNIRP) በ2010 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያስቀመጠው ጣሪያ 200 ማይክሮቴስላ ስለሆነ ካውያው ስር ብትተኙም አታልፉትም፤ ትቃጠላላችሁ እንጂ። ስለዚህ ለአንድ ደቂቃ የምንነካውን ትተን ሌሊቱን ሙሉ የምንጠጋውን እንፈልግ። ጎረቤቴ የሚተኛው ራስጌውን የት አድርጎ መሰላችሁ? የስድስት ክፍል ከረንት የሚያልፍበት ቆጣሪ ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለበት ግድግዳ ላይ። አልጋው አይደለም ጥፋተኛው፣ ቦታው ነው። አፑ ይህን አልነገረውም።

ስለ ዲቫይደር ደግሞ የሰማሁት አንድ ወሬ አለ፤ የተጠቀለለ ገመድ ጨረሩ ይበዛል የሚል። አይበዛም። ገመዱ ውስጥ ከረንቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ፣ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሁለቱ መስክ እርስ በርስ ይጠፋፋል። ፌዙ (ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ) በአንድ ግድግዳ፣ ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) በሌላ ግድግዳ የተዘረጋበት አሮጌ ቤት ነው መስኩ የሚበዛው። የተጠቀለለው ግን ብዙ ከረንት ሲስብ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ያቃጥላል። ለዚያ ብላችሁ ዘርጉት።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ራሱ ቆርቆሮው ነው። አምና ክረምት ላይ እጄን ታጥቤ ግድግዳውን ስደገፍ ነዘረኝ። አንድ ኤሌክትሪሺያን የዘረጋው ሽቦ ያለ ቱቦ በቆርቆሮ ጠርዝ ሾልኮ፣ ነፋስ ሲያወዛውዘው ላስቲኩ ተልጦ ኖሯል። ግድግዳው በሙሉ ፌዝ ሆነ። ኧርዝ የሚባል፣ ያፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አልነበረም። በኋላ ሌላ ባለሙያ መጥቶ መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብሮ ቆርቆሮውን ከሱ ጋር አገናኘው፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በቅጽበት የሚያጠፋ ብሬከርም ገጠመልን። በነገራችን ላይ ኧርዝ የሆነ ቆርቆሮ ከውጭ ሽቦዎች የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መስክም ይቀንሳል። እኔ ግን የከፈልኩት ላለመሞት ነው። እናንተም ራሳችሁ አትሞክሩት።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ "ባቡሩስ?" አለኝ። በአብነት በኩል የሚያልፈው የከተማ ባቡር ከላይ ያለው ሽቦ 750 ቮልት ነው፣ ግን ቀጥታ ከረንት ስለሆነ እንደ ቤት መብራት አይመላለስም፤ ከኛ ግቢም ሩቅ ነው። እሱን ተወው አልኩት።

ብሬከሩን መልሰን አነሳን፣ እማማ የደረቀውን እንጀራ ይዘው መጥተው ሁለታችንንም አስበሉን፣ ከዚያ አልጋውን ተጋግዘን ከቆጣሪው ግድግዳ ወደ ማዶው ወሰድነው። ገና ስናሳርፈው ከግድግዳው ጀርባ የሆነ ነገር እርርር አለ። የእማማ ፍሪጅ። ፍሪጅ ሠላሳ ሴንቲ ከራቀ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ሳብ አድርገው ብዬው ወጣሁ። በማግስቱ ስገባ አልጋው ልክ ክፍሉ መሃል ላይ ቆሟል። ቡና ሲያፈላ ዙሪያውን እየዞረው ነው።