ዋይት ባላንስ ምንድን ነው? ነጭን ማንጣት አይደለም

«ዋይት ባላንሱ ተበላሽቷል፤ ጥላው ሰማያዊ ሆኖ የለ እንዴ?» ይህን አባባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ቸርችል ጎዳና አጠገብ ወዳለችው ማተሚያችን አንድ ወጣት ሰሜን ተራሮች፣ ጨነቅ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ያነሳውን ፎቶ ሊያሳትም መጣ። ከፊት አንድ ጅብራ ቆሟል፣ ከኋላው ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል። ወረቀቱ ከማሽኑ ወጥቶ ሳያልቅ አብሮት የመጣው ሰው ፍርዱን ሰጠ። ልጁም አምኖ «ሰማያዊውን ያጥፉልኝ» አለኝ። ጥላው ሰማያዊ የሆነው ግን እዚያው ቦታ ላይ ሰማያዊ ስለነበረ ነው።

ባላንስ ማለት ሚዛን ነው፤ ቃሉ ራሱ ይረዳናል። ማር ሻጭ ባዶውን ጣሳ ሚዛን ላይ ያስቀምጥና መርፌውን ዜሮ ላይ ያመጣዋል። ከዚያ ማሩን ሲጨምር የሚያነበው የማሩን ክብደት ብቻ ነው። ዋይት ባላንስም ይኸው ነው፤ ጣሳው የብርሃኑ ቀለም፣ ማሩ የዕቃው ቀለም ነው። ካሜራው አረንጓዴውን መነሻ አድርጎ ቀዩንና ሰማያዊውን በተወሰነ ቁጥር ያባዛል፣ በቃ። ጨለማ ማብራት፣ ጭጋግ መግፈፍ፣ ነጩን ማንጣት ሥራው አይደለም።

ተራራ ላይ ግን ጣሳው ሁለት ነው። ፀሐይ በቀጥታ የመታችው ድንጋይ የሚያገኘው ብርሃን 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው ድንጋይ ፀሐይን አያይም፤ የሚያበራለት ሰማዩ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ 8,000 ይደርሳል፣ ጥርት ባለ ቀን 10,000ንም ያልፋል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ከ4 እጥፍ በላይ ስለሚበትን ነው ሰማዩም ጥላውም እንዲህ የሚሆኑት። ዜሮውን በጥላው ጣሳ ካስተካከሉ ፀሐይ ያረፈበት ገደል ብርቱካናማ ይሆናል። አንድ ዜሮ ለሁለት ጣሳ አይበቃም።

«እኔ እዚያ ቆሜ ሰማያዊ ጥላ አላየሁም» አለኝ ያ ሰው። እውነቱን ነው። ዓይናችንና አንጎላችን ጣሳውን ሳናውቀው ስለሚቀንሱልን ጥላው ግራጫ ይመስለናል። ስለዚህ ጥላውን ብቻ መርጦ ሰማያዊውን ትንሽ ማርገብ ነውር የለውም፤ እኔም አደርገዋለሁ። ጨርሶ ሲጠፋ ግን ጥላው አመድ ይመስላል፣ ገደሉም ጥልቀቱን ያጣል። ብርዱም አብሮ ይጠፋል።

ሌላው የሚያበሳጨኝ የቀትርን ብርሃን በዋይት ባላንስ ሊያለዝቡ የሚሞክሩ ሰዎች ነገር ነው። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,600 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ብርሃን የሚበትን አየር ሲያንስ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጥላው ይጨልማል፣ ፀሐይ ያረፈበት ያቃጥላል። ይህ የመጠን ጉዳይ እንጂ የቀለም ጉዳይ አይደለም። 10 ኪሎ በሚመዝን ሚዛን ላይ 14 ኪሎ ማር ቢጫን መርፌው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የጣሳውን ክብደት ቢቀንሱ ምን ይጠቅማል? የተቃጠለ ደመናም፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ ጠፍቶ ነጭ ብቻ የሆነው፣ እንደዚያው ነው፤ ኬልቪኑን ቢያወርዱት ቢያወጡት ነጩ ቦታ ቀለም ይቀባል እንጂ ደመናው አይመለስም። መፍትሔው ሲያነሱ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ለብሩሁ ክፍል መወሰን ነው፣ ካልሆነም ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ መገኘት። በሮው (RAW፣ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል) ላነሳ ሰው ዋይት ባላንሱ ፋይሉ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ብቻ ስለሆነ ቤቱ ገብቶ ይለውጠዋል። የተቃጠለውን ግን አይለውጠውም። (ካሜራው ጀርባ ላይ የሚታየው ሂስቶግራም፣ ማለትም የብርሃን መጠኑን የሚያሳየው ግራፍ፣ የሚሰላው ከጄፔጉ፣ ካሜራው ራሱ አቀነባብሮ ከሚያወጣው ምስል፣ ነው። ዋይት ባላንሱን «ጥላ» የሚለው ምርጫ ላይ አድርገው ከሆነ ቀዩ ሳይቃጠል የተቃጠለ ሊመስል ይችላል።)

ነጠላን እንደ ነጭ መለኪያ አትጠቀሙ። እኔ አንድ ጊዜ ተሳስቼ የአንዲት እናትን ነጠላ ለካሁና የቀኑ ፎቶ በሙሉ ቢጫ ወጣ። የልብስ ሳሙና ውስጥ አልትራቫዮሌትን ተቀብሎ ሰማያዊ የሚያበራ ንጥረ ነገር አለ፤ ደጋ ላይ ደግሞ አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። ብዙ ነጭ የማተሚያ ወረቀትም ይኸው ነገር አለው። ለዚሁ መለኪያ የተሠራ ግራጫ ካርድ ይያዙ።

ልጁን ፎቶውን አስይዤ ወደ ደጅ ወጣን። ጊዜው 6 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። በፎቶው ነጭ ጠርዝ ላይ የእጄን ጥላ አሳረፍኩና «አጠገቡ ካለው ነጭ ጋር አስተያየው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ ቆየ። አብሮት የመጣውም ሰው ቀረብ ብሎ አየ። ተመልሰን ገብተን ከጅብራው ሥር ያለውን ጥላ ብቻ በጥቂቱ አረገብኩለትና ሌላ አተምንለት፤ የገደሉን አልነካነውም።