ጥምር ግብርና ምንድን ነው? የጌዴኦ ኮረብታዎች እንደሚያስረዱት

ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራ ቀኙ ደን ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን እያንዳንዱ ዛፍ ባለቤት አለው። ከዋንዛውና ከብርብራው ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ መሃል ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎደሬና ጎመን ይታያል፤ በዚያ ሁሉ ቅጠል ውስጥ ደግሞ የገበሬው ቤት አለ። የጌዴኦ ዞን በሀገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰው ሲበዛ ደን ያልቃል የሚለውን አባባል ሁላችንም ለምደነዋል። እዚህ ግን ደኑን ያቆየው ያው ሕዝብ ነው፤ የሚያቆይበት ዘዴ ጥምር ግብርና ይባላል።

ጥምር ግብርና ማለት ዛፍንና ሰብልን፣ አንዳንዴም ከብትን ጨምሮ፣ በአንድ መሬት ላይ ሆን ብሎ አብሮ ማልማት ነው። «ሆን ብሎ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ክብደት አለው። ከምንጣሮ የተረፉ ሁለት ዛፎች መሃል ላይ የቆሙበት የጤፍ ማሳ ጥምር ግብርና አይባልም። በጥምር ግብርና ዛፉ ሥራ ተሰጥቶታል፦ ጥላ ይሆናል፣ አፈር ይይዛል፣ ቅጠሉ ማዳበሪያ ይሆናል፣ በመጨረሻም ለቤት ሥራና ለማገዶ ይውላል።

የጌዴኦ ማሳ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ነው። ላይኛውን ደርብ እንደ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ያሉ ረጃጅም ዛፎች ይይዙታል። መካከለኛው የእንሰት ነው፤ ከእሱ ዝቅ ብሎ ቡና አለ። መሬቱን የሚሸፍኑት ጎደሬ፣ ቦዬና አትክልቶች ናቸው። ይህ አሠላለፍ ከፍታን ተከትሎ ይለዋወጣል። ደጋው ላይ እንሰትና ዛፍ ብቻ ይቀራሉ፤ ወደ ቆላው ሲወረድ ፍራፍሬ ይጨመርበታል። ለይርጋጨፌ ቡና ስም ያሰጠው መካከለኛው ከፍታ ነው።

ከዛፎቹ ሁሉ ብርብራን ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። ብርብራ የአተርና የባቄላ ወገን ነው፤ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ተባብሮ ናይትሮጂንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል። የሚረግፈው ቅጠሉም ቶሎ ይበሰብሳል። በሌሎች እንሰት አብቃይ አካባቢዎች ተክሉን የሚመግበው የከብት ፍግ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ግን ለግጦሽ የሚተርፍ መሬት ጥቂት ስለሆነ ከብትም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አፈሩን በዋናነት የሚመግበው የዛፉ ርጋፊ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ዛፍ የቆረጠ ሰው የማዳበሪያ ጎተራውን ቆረጠ ማለት ነው።

እንሰት ደግሞ ሕዝቡን ይመግባል። ለመድረስ እንደየቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ የግድ በዚህ ወር ይሰብሰብ አይባልም። ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል፣ በተፈለገ ጊዜ ይነቀላል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት እንሰት አብቃይ አካባቢዎች በእህል ብቻ ከሚኖሩት በተሻለ የተቋቋሙት ለዚህ ነው። ሰፊው ቅጠሉ የዝናብን ጉልበት ይሰብራል፤ ያን በመሰለ ቁልቁለት ላይ አፈር ሳይታጠብ የሚቀረውም በዚህ ጭምር ነው። እዚህ ላይ የሴቶቹ ድካም መነገር አለበት። እንሰቱን ፍቆ፣ ቀብሮ፣ አብላልቶ ቆጮና ቡላ ማድረስ የሴቶች ሥራ ነው፤ ከባድ ሥራ ነው፤ ስለ ጥምር ግብርና በሚጻፈው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ቡናው የቤቱ ገንዘብ ነው። አረቢካ ቡና በተፈጥሮው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅል የደን ተክል ስለሆነ፣ የጌዴኦ ገበሬ ያዘጋጀለት ቦታ ከትውልድ ሥፍራው ብዙ አይርቅም። በጥላና በከፍታ ላይ ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ገዢዎች በውድ የሚገዙት ጣዕም ከዚህ ዝግታ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህን ሁሉ አጣምሮ የያዘው የኅብረተሰቡ ሥርዓት ነው። ጌዴኦዎች ከገዳ ጋር የሚመሳሰል ባሌ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። ሽማግሌዎች ሶንጎ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው የመሬትና የወሰን ጠብ ይዳኛሉ። መቁረጫ የማይነሳባቸው የተከበሩ ደኖችም አሉ። ዛፍ የቆረጠ በምትኩ ይተክላል የሚለው ልማድ ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ሥርዓት ነው።

የገበሬውና የመሬቱ ግንኙነት ግን ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። ቡና ዋጋ ሲያወጣ መሬቱ ባለርስቶችን ሳበ፤ ተክሎ ያሳደገው ገበሬ በገዛ ቡናው ላይ ጭሰኛ ሆነ። በ1952 ዓ.ም. ምችሌ በሚባል ቦታ የጌዴኦ ገበሬዎች በባለርስቶች ላይ ተነሥተው ብዙዎች ሞቱ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ለልጅ ልጁ የሚደርስ ዛፍ የሚተክል ሰው መሬቱ በእጁ እንደሚቆይ ማመን አለበት፤ የአፈር ጥበቃ ጉዳይ የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ በኩል ነው።

ዛሬ ጫናው ሌላ መልክ ይዟል። መሬት ከአባት ወደ ልጆች በተከፈለ ቁጥር ማሳው ይጠብባል። የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ በዓመት ደጋግሞ የሚቆረጥ ጫት ያጓጓል፤ ጫት ሲስፋፋ ጥላ የሚሆነው ዛፍ ይወገዳል። ባሕር ዛፍም ቶሎ ገንዘብ ስለሚያስገኝ በየጠርዙ ይተከላል። እንሰቱን ደግሞ አጠውልግ የተባለው በሽታ ያጠቃዋል። መድኃኒት የለውም፤ መፍትሔው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውን በእሳት ማጽዳትና ጤነኛ ችግኝ መትከል ነው።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ስብሰባ ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። ደስ የሚያሰኝ ዜና ነበር። ሆኖም ይህ ቅርስ በአጥር ተከልሎ የሚጠበቅ ሐውልት አይደለም፤ በየዓመቱ የሚኮተኮት፣ የሚበላና የሚሸጥ ማሳ ነው። ብርብራውን ለማቆየት ወይም ለመቁረጥ የሚወስነው ገበሬው ነው። ሲወስን የሚያሰላውም የቀይ እሸት ቡና ኪሎ በዚያ ዓመት ስንት እንደተሸጠና ከዚያ ገንዘብ ስንቱ እጁ እንደገባ ነው።