የጣና ነጭ ዓሣ፦ ወንዝ የሚወጣውና ሐይቅ የሚቀረው

ባሕር ዳር ላይ ዓሣ ሲሸጥ በብዛት የሚሰሙት ስሞች ሦስት ናቸው፦ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሦስተኛው ስም ብዙ ዝርያዎችን ጠቅልሎ የያዘ ነው። ሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚለው ይህ ወገን በጣና ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ አብዛኞቹ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ስለለያቸው፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ መልካቸውን እየለወጡ ተባዝተዋል። ከመካከላቸው ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ መኖራቸው ያስገርማል፤ መንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ የለም፤ የዋጡትን የሚፈጩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚለያያቸው ግን የሚራቡበት ቦታ ነው። ሰባት ያህሉ ለመራባት ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ። ክረምቱ ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉ ገባሮች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜም በየተራቸው ሽቅብ ይዋኛሉ። ዋናው ወንዝ በጎርፍ ደፍርሶ ስለሚወርድ እንቁላላቸውን እዚያ አይጥሉም። ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ገብተው ጠጠር ያለበት፣ ፈጥኖ የሚፈስና ኦክስጅን የሞላው ጥሩ ውኃ ይፈልጋሉ። ደለል የለበሰ እንቁላል ታፍኖ ይሞታል። ወላጆቹ ከጣሉ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ኋላ ይከተላሉ።

የቀሩት ዝርያዎች በመራቢያ ወራት ወንዝ ውስጥ ብዙም ስላልታዩ ሐይቁ ውስጥ ይራባሉ ተብሎ ይታሰባል። በሁለቱም ቦታ የሚራባው ኢንተርሜዲየስ የተባለው ዝርያ ነው፤ መስመሩን ደፍሮ ለማስመር የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ዓሣውን በእጅ ይዞ ወንዝ ወጪ ነው ወይስ ሐይቅ ቀሪ ማለት አይቻልም። የአፉ ስፋት፣ የራሱ ቅርጽና የሰውነቱ ርዝመት በዋናነት የሚናገሩት ስለሚበላው ነገር ነው፤ ወንዝ መውጣቱን አይገልጡም። ይህ ለተመራማሪው ትንሽ እንቅፋት፣ ለቁጥጥር ግን ትልቅ ችግር ነው፤ ሚዛን ላይ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነውና።

በደንገል ታንኳ ሲሰገር በኖረው ሐይቅ ላይ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የገባው በ1986 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሐይቁ ስፋት ተበትኖ የሚራባውን ዓሣ ለማግኘት አስጋሪው ብዙ መድከም አለበት። ወንዝ ወጪው ግን በታወቀ ወር፣ በታወቀ ጠባብ አፍ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ራሱ ይመጣል፤ መረቡን እዚያ የዘረጋ ሰው ገና ያልጣለውን እናት ያነሣል። አንዳንድ ቦታ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን የሚያደነዝዙም አሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወንዝ ወጪዎቹ በአንድ መረብ የሚያዙበት መጠን በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ቀስ ብለው የሚያድጉና ዘግይተው ለመራባት የሚደርሱ በመሆናቸው የጎደለው ቶሎ አይሞላም።

ከመረቡ ሌላ ጅረቶቹም ተለውጠዋል። ለመስኖ ውኃ ይሳባል፤ ለግንባታ አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር የተረፈውን ጠጠር ይሸፍናል። በርብ ወንዝ ላይ ደግሞ ግድብ ተሠርቷል፤ ከግድቡ በላይ ያለው ጠጠር ከሐይቁ ለሚመጣ ዓሣ ተዘግቷል።