«መድኃኒት የሌለበትን ስጠኝ»፦ ስለ ኦርጋኒክ ማር የሚባለውና እውነታው

የበዓል ሰሞን ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት ሻጩን «የኔ ልጅ፣ መድኃኒት የሌለበትን ስጠኝ» አሉት። ልጁ «ኦርጋኒክ» የሚል የተለጠፈበትን ማር አነሳላቸው። ዋጋው ከጎኑ ካለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሳያቅማሙ ከፈሉ።

«ኦርጋኒክ ከሆነ ኬሚካል የለበትም»

ብዙው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ላም ትታሰራለች፤ ንብን ማን ያስራታል? አበባ ፍለጋ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች። ከምኒልክ አደባባይ መስቀል አደባባይ በአየር ቢለካ ያን ያህል ነው። ቀፎው ጊዮርጊስ አጠገብ ቢቀመጥ መርካቶም አራት ኪሎም የንቧ ሰፈር ናቸው ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግም በቀፎው ዙሪያ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ያለው አበባ በዋናነት ከኦርጋኒክ ሰብል ወይም ከዱር ተክል እንዲሆን ይጠይቃል። ቦታው ሲሰላ ወደ 2,800 ሄክታር ይመጣል። ያን ሁሉ የጎረቤት ማሳ ማን ይጠብቃል? ስለዚህ ምልክቱ በዋናነት የሚነግረን ንብ አናቢው ራሱ ምን እንዳደረገ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 198 የማር ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። ከ4ቱ በ3ቱ ውስጥ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት ፀረ-ተባዮች ተገኙ። መጠኑ በአብዛኛው ለሰው ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነው። ለንቧ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ምልክት የሌለው ማር መርዝ አለበት»

ግነት ነው። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ምልክት ያጣው ሁሉ መርዝ ስላለበት አይደለም። ከገጠር የሚመጣልን ማር ደግሞ አብዛኛው ከባህላዊ ቀፎ የተቆረጠ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አጠገቡ ባለው የጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ ነው። ከዚያ ደግሞ ጀሪካኑ! በፊት ምን ተይዞበት ነበር? እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ፤ ነጋዴው ቢቆጣም።

በውጭ አገር ቫሮዋ ለሚባለው የንብ ተባይ ቀፎ ውስጥ የሚገቡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ከማሩ ይልቅ ሰፈፉ ውስጥ ነው የሚጠራቀሙት። «ከነሰፈፉ ይሻላል» የምንል ሰዎች ይቺን ልብ እንበል።

«በክብሪት ፈትኜዋለሁ»

የክብሪት እንጨት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር፤ ከነደደ «ንጹሕ ነው» ይባላል። ክብሪቱ ግን ቢበዛ የሚነግርዎት ማሩ ውኃ በዝቶበት እንደሆነ ነው። ወፍራም የስኳር ሽሮፕም ያልፋል። የፀረ-ተባይ ቅሪት የሚለካው በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ስንት ማይክሮ ግራም አለ ተብሎ ነው። እሱን ላቦራቶሪ እንጂ ምላስም ክብሪትም አያውቀውም።

«ረግቷል፤ ስኳር ገብቶበታል»

ንጹሕ ማርም ይረጋል። የትግራይን ነጭ ማር የቀመሰ ያውቀዋል።

«ኦርጋኒክ ስለሆነ ለሕፃንም ይሆናል»

አይሆንም! ዓመት ያልሞላው ልጅ ምንም ዓይነት ማር አይላስ። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሰውነት የሚያሽመደምድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ስፖር (እንደ ዘር ተኝቶ የሚቆየው ጠንካራ ቅርጹ) ሊኖር ይችላል። የሕፃን አንጀት ገና ስላልጠነከረ እዚያ ሊያድግና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። አዋቂን ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። ስፖሩ ከአፈርም ከአቧራም ስለሚመጣ የኦርጋኒክ ምልክት አያስቆመውም። «አፍልቼ እሰጠዋለሁ» ማለትም አያዋጣም፦ በ100 ዲግሪ እንኳ የሚቋቋም ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።