ሳይንስን ስለሚፈራ እምነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣቶች ጋር የምናገለግል ሁሉ የምናውቀው አንድ ጥያቄ አለ። ደፈር ያለው ልጅ እጁን አውጥቶ ይጠይቀዋል፤ ብዙዎቹ ግን በሆዳቸው ይዘውት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። «በትምህርት ቤት ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንዳላት ተምረናል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ዓለም ከተፈጠረ 7,500 ዓመት አልፎታል ትለናለች። የቱን እንመን?»

«እምነት የጎደለው ሰው ጥያቄ ነው» ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ እምነት ካለው ልጅ የሚመጣ ይመስለኛል። ግድ የሌለው ሰው አይጠይቅም፤ ትቶ ይሄዳል። ተቆጥተን ዝም ያሰኘነው ልጅ ሰኞ በክፍል ውስጥ አንድ ሰው፣ እሑድ በቅዳሴ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ መኖር ይጀምራል። እንዲህ ለሁለት የተከፈለ ልብ ደግሞ ሩቅ አይዘልቅም።

ስለዚህ ጥያቄውን እንደ ክብሩ እንመልከተው። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ድንቅነሽ ስትገኝ ዕድሜዋን የለኩት ሰዎች ቁጥሩን ከመሬት አላነሡትም። በአካባቢው ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ፖታሲየም አለበት፤ ከዚህም አንዱ ዓይነት በታወቀና በማይለዋወጥ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ያንን ለክተው አሰሉት። ይህን ሐሰት ነው ብሎ መከራከር የክርስቲያን ግዴታ አይደለም። በሌላ በኩል በ7,500ው ውስጥ ከአዳም እስከ ጌታ ልደት የሚቈጠረው፣ 5,500 የሚለው የአባቶቻችን ቁጥር የተጸነሰው በተስፋ ውስጥ ነው፦ «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተብሎ ለአዳም ከተሰጠው ቃል። በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት መሆኑን ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛ መልእክቱ ጽፎልናል፤ አባቶችም በዚሁ ቈጥረው አምስት ቀን ተኩሉን 5,500 ዓመት አሉት። ቁጥሩ አዳም ስንት ዘመን አዳኙን እንደ ጠበቀ፣ ጌታም ቃሉን እንዳላጠፈ ይነግረናል። ስለ አመድና ስለ አርጎን የቀረበለት ጥያቄ የለም። ደግሞም በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ፀሐይ የተፈጠረችው ረቡዕ መሆኑን አስተውሉ። ከረቡዕ በፊት የነበሩትን እሑድን፣ ሰኞንና ማክሰኞን በየትኛው ፀሐይ ልንለካቸው ነው? እኔ በቤተ ክርስቲያን ስም ውሳኔ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ልጆቻችን ግን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ጠላት አፋጠው እንዲኖሩ ማድረግ አይገባንም እላለሁ።

እንዲያውም የሳይንስና የሃይማኖት ጠብ ነው እየተባለ የሚነገረን ታሪክ አብዛኛው የእኛ አይደለም። ጋሊሊዮ በ1633 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ለፍርድ ሲቀርብ የእኛ ሊቃውንት በጨረቃ ቀመር ፋሲካን እያወጡ ነበር። በምዕራቡም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው አይደለም፤ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ በ1927 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዦርዥ ለሜትር የካቶሊክ ቄስ ነበር። የሌላ ሰው ጠብ ተውሰን ቤታችን ውስጥ ማስቀመጣችን ያሳዝነኛል።

ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን የዘመን ቀመር፣ የተማረ ሰው እምነትና ስሌት እንደማይጣሉ በእጁ ያውቀዋል። ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከፍጥረት ጀምሮ የተቈጠረውን ዘመን፣ ለ19 ይገድፋል (ያካፍላል)፤ ከቀሪው አንዱን ስለ ዘመኑ ይተዋል፤ ወንበር ያገኛል። ወንበሩን በ11 አባዝቶ፣ ከ30 ካለፈ ለ30 ገድፎ አበቅቴ፣ ማለትም የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት የተጠራቀመበትን ቁጥር፣ ያወጣል። 11 የምትባለው ቁጥር ከየት መጣች? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ የሁለቱ ልዩነት 11 ነው። 19ኙም ቢሆን ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው የሚገጥሙበት ዘመን ነው። ለብዙ ዘመን ሰማይን በትዕግሥት ያየ ዓይን እንጂ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሊያገኛቸው አይችልም። ትውፊታችን ደግሞ ለእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይህ ቀመር በጾምና በጸሎት እንደ ተገለጠለት ያስተምራል። በአንድ ቀመር ውስጥ ሱባኤም አለ፣ ስሌትም አለ፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

እኛ ደግሞ የምንኖረው በእንጦጦ ግርጌ፣ ከተማዋ አልቃ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት ዳርቻ ነው። በዚያ ተራራ ላይ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል አሉ፤ በዚያው ተራራ ላይ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የጠፈር ምርምር ማዕከል አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የተላከችው የአገራችን የመጀመሪያ ሳተላይትም መልእክቷን ትልክ የነበረው ወደዚያው ነበር። «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ፥ የሰማይም ጠፈር የእጁን ሥራ ያወራል» ብለን መዝሙረ ዳዊት የምንደግም ሰዎች፣ ያንን ጠፈር በመስተዋት የሚያየውን ወጣት ባለሙያ በጥርጣሬ ልንመለከተው አይገባም። የሚያየው እኛ የምንዘምርለትን የእጅ ሥራ ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን በጸበሉ ቦታ ነው። የአጥንት ዕድሜ ላይ ብንሳሳት የሚጎዳ ሰው ላይኖር ይችላል፤ እዚህ ስንሳሳት ሰው ይሞታል። ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል በማለዳ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፦ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሰዉ ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ተራውን ይጠብቃል። አንዲት እናት ተጠምቃ ከወጣች በኋላ፣ ገና እየተንቀጠቀጠች፣ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታ አንዲት ክኒን አውጥታ በዚያው በጸበሉ ስትውጣት አይቻለሁ። ከመዋጧ በፊት አማተበች። ስለ እምነትና ስለ ሳይንስ ከሰማኋቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ ያቺ እናት አስተምራኛለች።

ሁሉም ግን እንደ እርሷ አልታደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በኋላ፣ «መድኃኒቱን ካልተዋችሁ እምነታችሁ ሙሉ አይደለም» የተባሉና የተዉ ወገኖች ነበሩ። ይህ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመደው ይችላል። በዚህ ምክንያት ያጣናቸው ነፍሳት አሉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ፣ እርስ በርሳቸውም እንደማይቃረኑ በግልጽ አስተማሩ። ይህ አዲስ ትምህርት አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ስትታመም ጸልይ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ ስጠው ይላል። ቅዱስ ባስልዮስም በአቴና የተማረ፣ በቂሳርያም ለሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት የሠራ አባት ነው። ዛሬም «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ቃሉ ከአባቶች እንዳልሆነ እወቁ።

«ታዲያ ሁሉ ነገር በሥርዓት የሚሄድ ከሆነ ተአምር የት አለ?» የሚል ይኖራል። እኔ ደግሞ ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ተአምርን ሊያውቅ አይችልም እላለሁ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነበር፤ በላሊበላ ቀለበት ሠርታ ታየች፣ እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ በከፊል ተሸፈነች። ሰዓቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። ፀሐይ የምትጋረደው ጨረቃ በእርሷና በምድር መካከል ስትገባ ነው፤ ይህም የሚሆነው አዲስ ጨረቃ በምትወለድበት ጊዜ ብቻ ነው። አሁን ወደ ዕለተ ዓርብ እንሂድ። ጌታ የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ነው፤ ፋሲካ ደግሞ የሚውለው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ነው። ሙሉ ጨረቃ ባለችበት ፀሐይ ልትጋረድ አትችልም። ሙሉ ግርዶሽም ቢሆን ጨለማው በአንድ ቦታ ስምንት ደቂቃ አይሞላም፤ ወንጌል ግን «ከስድስት ሰዓትም ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» ጨለማ ሆነ ይላል። እንግዲህ የቀራንዮን ጨለማ «ግርዶሽ ነው» ብሎ ለማቃለል የሚነሣውን ሰው የሚመልሰው የጨረቃ ሥርዓት ራሱ ነው። ሥርዓቱ ይህን ያህል የጸና ባይሆን ኖሮ የዚያች ዓርብ ድንቅነት አይታወቀንም ነበር።

ሳይንስም የራሱ ወሰን አለው። ቴሌስኮፕ የከዋክብትን ርቀት ለመለካት ይረዳል፤ ከዋክብት ለምን እንዳሉ፣ እኔ ስጸልይ የሚሰማኝ እንዳለ ወይም እንደሌለ የሚለካ መሣሪያ ግን የለም። «ሳይንስ እግዚአብሔር የለም አለ» የሚል ሰው በሳይንስ ስም የራሱን እምነት ነው የሚነግራችሁ።

እኔ በእግዚአብሔር የማምነው ሳይንስ ያልደረሰበት ክፍተት ስላገኘሁ አይደለም፤ ክፍተቱ ነገ ቢሞላ አምላኬን ላጣ ነው ማለት ነውና። የማምነው ስለ ጠራኝ፣ ስለ ታገሠኝ፣ በቅዱስ ሥጋውና በክቡር ደሙ ስላኖረኝ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለውን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ተመልከቱ። ፈሪሳውያን «እንዴት አየህ?» ብለው ደጋግመው መረመሩት፤ እርሱም የሆነውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ፤ ጭቃ፣ የሰሊሆም መጠመቂያ፣ መታጠብ፣ ማየት። ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተሰማም ያውቅ ነበር። ያልገባውንም አላስመሰለም፦ «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» አለ። መርማሪዎቹ ግን ወደ ውጭ አወጡት። ጌታም እንዳወጡት ሰምቶ ፈልጎ አገኘውና ራሱን ገለጠለት።

እናንተ በየአጥቢያው የምታስተምሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስለ ድንቅነሽ የሚጠይቀውን ልጅ ከጉባኤ አታስወጡት። ፊዚክስና ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ምእመናን በየደብራችን አሉ፤ ከመሪጌታው ጎን አስቀምጧቸውና ልጆቹ የፈለጉትን ይጠይቋቸው፤ አበቅቴውንም አብረው ያውጡት።