የከተማ ፍለጋና ነፍስ አድን ቡድን፦ አደረጃጀቱና የሰው ኃይሉ

የከተማ ፍለጋና ነፍስ አድን ቡድን በተደረመሰ ሕንፃ ሥር የቀሩ ሰዎችን ፈልጎ የሚያገኝ፣ ፍርስራሹን ደግፎና ቆርጦ የሚያወጣ፣ ገና ሳይወጡም ሕክምና የሚጀምርላቸው የባለሙያዎች ስብስብ ነው። ስሙ ሲነሣ ቶሎ በዓይነ ኅሊና የሚመጣው መዶሻና መቁረጫ የያዘ ሰው ነው። በአሜሪካው የፌዴራል የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት (ፌማ) ሥርዓት ግን ከአንድ ሙሉ ቡድን 70 አባላት ውስጥ ኮንክሪት የሚሰብሩት 24 ናቸው። ቀሪዎቹ 46 የተመደቡት እነዚያ 24 ሰዎች ትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ሳይቋረጥና እነሱም ሳይቀበሩ እንዲሠሩ ነው። እዚህ የሚተነተነው በዋናነት ይኸው የፌማ ሥርዓት ሲሆን፣ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1985 ሜክሲኮ ሲቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ያልሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው እየቆፈሩ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን አውጥተዋል፤ ከአውጪዎቹ ግን 100 ያህሉ እዚያው ሞቱ። በ1988 አርሜኒያ በተመሳሳይ አደጋ ስትመታ ከብዙ አገር የተላኩ ቡድኖች ደርሰው ነበር፤ የሚያግባባቸው የጋራ አሠራር ግን አልነበረም። ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ በ1991 ኢንሳራግ የተባለው ዓለም አቀፍ የፍለጋና ነፍስ አድን አማካሪ ቡድን ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱ ጄኔቫ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 በውሳኔ ቁጥር 57/150 ለአሠራሩ እውቅና ሰጠ። አሜሪካም በዚያው ዘመን የራሷን አደረጃጀት ዘርግታ በ25 ቡድን ጀመረች፤ ዛሬ 28 ደርሰዋል፣ ስምንቱ ካሊፎርኒያ ውስጥ ናቸው።

ሰባው ሰው

ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ በ12 ሰዓት ፈረቃ ስለሚሠራ የኃላፊነት ቦታው ሁሉ ጥንድ ነው፦ ሁለት የግብረ ኃይል መሪ፣ ሁለት የደኅንነት ሹም፣ ሁለት የዕቅድ ኃላፊ። ከእነሱ ሥር ፍለጋ፣ ነፍስ አድን፣ ሕክምና፣ አደገኛ ኬሚካልና ሎጂስቲክስ የሚባሉት አምስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ኃላፊ አላቸው፤ የሕክምናዎቹ ኃላፊዎች ሐኪሞች ናቸው። ነፍስ አድኑ አራት ጓድ አለው፤ አንዱ ጓድ አንድ አለቃና አምስት ባለሙያ ነው። ፍለጋው አራት የውሻ ባለሙያ ከነውሾቻቸውና ሁለት የፍለጋ መሣሪያ ባለሙያ ይዟል። አራት የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ፣ ስምንት የአደገኛ ኬሚካል፣ አራት የሎጂስቲክስ፣ ሁለት የሬዲዮ መገናኛ፣ ሁለት የስትራክቸር መሐንዲስ፣ ሁለት የክሬንና ከባድ መሣሪያ ባለሙያ፣ ሁለት የመረጃ ያዥ ሲጨመር 70 ይሞላል። ለአውሎ ነፋስና ለመሳሰሉት ቀለል ያሉ ሥራዎች 35 ሰው ብቻ የያዘ ግማሽ ቡድን ሊላክ ይችላል።

ጓዱ ስድስት ሰው የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ተኝቶ አርማታ የሚሰብር ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ ይዝላል፤ ስለዚህ መሣሪያውን የሚቀበለው ተረኛ አጠገቡ መኖር አለበት። ሌላው ፍርስራሹን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ ሌላው እንጨት ይለካል፣ አለቃው ደግሞ እጁን ባዶ አድርጎ ጣሪያውን ያያል። አለቃው ራሱ መዶሻ ያነሣ ቀን ጓዱ ጠባቂ አጥቷል ማለት ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የነበረ ሰው አለቃ ሲደረግ በብዛት የሚስተው ይህንን ነው።

በጀት ሲጠብ ቶሎ የሚሰረዙት የዕቅድ ኃላፊውና የመረጃ ያዡ ቦታዎች ናቸው፤ ወረቀት ከመሙላት ሌላ ሥራ ያላቸው አይመስልም። ጉዳቱ የሚታየው ግን በሁለተኛው ፈረቃ ነው። የትኛው ክፍል እንደተፈተሸ፣ ውሻው የት እንደጮኸ፣ የትኛው ድጋፍ እንደላላ በጽሑፍና በንድፍ ካልተላለፈ ተተኪው ፈረቃ የተፈተሸውን መልሶ ይፈትሻል። ስለዚህ ርክክቡ በስልክ ወይም በሬዲዮ ሳይሆን ወጪውና ገቢው ጓድ እዚያው ፍርስራሹ ላይ ተገናኝተው፣ እያሳዩ ነው መሆን ያለበት።

ሌላው የታወቀ ስህተት በመጀመሪያው ቀን ሰው ሁሉ ልሥራ ማለቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሙሉ ቡድኑን ማሰማራት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ መሪው ግማሹን አስገድዶ ካላስተኛ ግን በማግስቱ ሰባውም ደክሞ ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም።

አባላቱ ከየት ይመጣሉ

አብዛኞቹ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው፤ ቡድኑን የሚያቋቁመውም ብዙ ጊዜ የአንድ ከተማ ወይም የካውንቲ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ነው። ሐኪሞቹ፣ መሐንዲሶቹና ብዙዎቹ የውሻ ባለሙያዎች ግን ሲቪሎች ሲሆኑ መደበኛ ሥራቸው ሌላ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ሰው ይሠለጥናል፤ 70 ቦታ 210 ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። ስልክ ሲደወል አንዱ ፈቃድ ላይ፣ ሌላው ታሞ፣ ሌላው የሥልጠና ማረጋገጫው ጊዜ አልፎበት ይገኛል። ለውጭ አገር ጉዞ ፓስፖርትና ክትባትም ይጨመራል። ለመተካት የሚከብደው መዶሻ የሚይዘው ሳይሆን መሐንዲሱና ውሻው ነው።

ውሾቹ በሕይወት ያለ ሰው የሚፈልጉና አስከሬን የሚፈልጉ ተብለው ይለያሉ። በፌማ የሕይወት ፈላጊ ውሻ ባለሙያው ሳይጎትተው ፍርስራሽ ላይ ብቻውን መሄድ፣ ሰው ሲያሸት እዚያው ቆሞ መጮህና በምግብ ሽታ አለመታለል አለበት፤ ፈተናውንም በየሦስት ዓመቱ ይደግማል። አንድ ውሻ ከጮኸ ሌላ ውሻ የመጀመሪያው የት እንደጮኸ በማያውቅ ባለሙያ ተይዞ ይላካል፤ ባለሙያው ካወቀ በአኳኋኑ ውሻውን ሳያውቅ ሊመራው ይችላል። ሁለቱም አንድ ቦታ ከጮኹ ቁፋሮ ይጀመራል። ድካምና ሙቀት አፍንጫቸውን ስለሚያሰንፈው በአጭር በአጭር ተራ ሠርተው ማረፍ አለባቸው።

ጓዙ

የሙሉ ቡድን መሣሪያ ከ16,000 በላይ ዕቃ ሲሆን ወደ 27 ቶን ይመዝናል። በመንገድ ሲጓዝ ከጥሪው በኋላ በ4 ሰዓት፣ በአውሮፕላን ሲሆን በ6 ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት፤ ከደረሰ በኋላም ለ72 ሰዓት ከማንም ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ሳይጠይቅ ይሠራል። የተጎዳችን ከተማ ዳቦ የሚሻማ ቡድን ባይመጣ ይሻላል።

ሎጂስቲክስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትንሹ ነገር ነው። ነዳጅ በአውሮፕላን አይጫንም፤ ስለዚህ ጄኔሬተሩና መቁረጫው ደርሰው ቤንዚን ፍለጋ ግማሽ ቀን ሊያልፍ ይችላል። የኦክስጅን ሲሊንደርና ትልልቅ ባትሪ እንደ አደገኛ ጭነት ካልተመዘገቡ አውሮፕላኑ አይነሣም። መጀመሪያ የሚፈለገው ሣጥን መጨረሻ ላይ የሚወርድ ከሆነም መሪው በእጁ የያዘው ወረቀት ብቻ ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ሣጥን ቁጥር፣ ክብደትና የይዘት ዝርዝር የሚለጠፍበት፤ ሎጂስቲክሱም ከሌሎቹ ቀድሞ ወደ መጋዘን የሚጠራው።

የድጋፍ እንጨት ግን እዚያው አደጋው ባለበት አገር ይገዛል። የአሜሪካ ቡድኖች ስሌት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ሞራሌ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ሁለት ሁለት እንጨት በየደረጃው እየተሻገረ ተነባብሮ ሲሠራ አራቱ መጋጠሚያዎች 11 ቶን ያህል ይሸከማሉ፤ ሦስት ሦስት ሲሆን መጋጠሚያው ዘጠኝ፣ አቅሙም 25 ቶን ገደማ ይሆናል። ቁመቱ ከጎኑ ስፋት ሦስት እጥፍ መብለጥ የለበትም። እንጨት የሚመረጥበት ትልቁ ምክንያት ከመሰበሩ በፊት እየተጨፈለቀ፣ እየጮኸ ማስጠንቀቁ ነው። ስሌቱ ግን ለአገራቸው ጥድ መሰል እንጨት የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ባሕር ዛፍ እንዳለ ሊገለበጥ አይገባም፤ ክብ አጣና ደግሞ ጭራሽ ገጽ ለገጽ አይቀመጥም።

ፍርስራሹ ላይ

ሥራው የሚጀምረው ከቁፋሮ ሳይሆን ከጥያቄ ነው፦ ሕንፃው ምን ነበር፣ አደጋው ሲደርስ ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን የት ይተኛ ነበር? ጎረቤትና የጥበቃ ሠራተኛ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ፍለጋውን ያጠብባሉ። መሐንዲሱ ዙሪያውን አይቶ ሶሌታው እንዴት እንደወደቀ ይለያል። በአንድ በኩል ተደግፎ ካዘመመ ወይም መሐሉ ተሰብሮ እንደ «ቪ» ከሆነ በሥሩ ሰው የሚተነፍስበት ክፍተት ይኖራል፤ ሶሌታ በሶሌታ ላይ እንደ እንጀራ ከተነባበረ ክፍተቱ ጠባብ፣ ሥራውም ረጅም ነው። ከዚያ ጋዝ፣ ኤሌክትሪክና ውኃ ይዘጋል፣ ውሾች ይገባሉ፣ የማዳመጫ መሣሪያና በዘንግ የሚገባ ካሜራ ይከተላል።

ለማዳመጥ ዝምታ ያስፈልጋል። አንድ ረጅም ፊሽካ ሁሉም አቁሞ ዝም ይበል ማለት ነው፤ አንድ ረጅምና አንድ አጭር ሥራ ይቀጥል፤ ሦስት አጭር ደግሞ ሁሉም ይውጣ። ኤክስካቫተር የሚነዳው የአካባቢው ሰው ይህን ካልተነገረው ምልክቱ ከንቱ ነው፤ የክሬንና ከባድ መሣሪያ ባለሙያው አንዱ ሥራ ከኪራይ ውሉ ጋር ይህን ማስረዳት ነው።

በፌማ አሠራር ፈታሽ ወደ ሕንፃ ሲገባ በብርቱካናማ ቀለም አንድ ሰያፍ መስመር በበሩ አጠገብ ይሥላል፤ ሲወጣ ሁለተኛውን አሻግሮ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ «ኤክስ» ያደርገዋል። በግራ የቡድኑ መለያ፣ በላይ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ በቀኝ ያለው አደጋ፣ በታች የተገኙት ሕያዋንና ሙታን ቁጥር ይጻፋል። አንድ መስመር ብቻ የሚታይ ከሆነ ፈታሹ ገና ውስጥ ነው።

ሰው ሲገኝ የሚቀድመው ጣሪያውን መደገፍ፣ ቀጥሎ መስበር ነው። ፌሮ ሲቆረጥ የያዘውን ውጥረት ስለሚለቅ የጎረቤት ምሰሶ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ጫና ሲነሣ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ለረጅም ሰዓት የተጨፈለቀ ጡንቻ ፖታሲየምና ሌላ ጎጂ ነገር ያጠራቅማል፣ ሶሌታው በተነሣ ቅጽበት ይህ ወደ ልብ ይሮጣል። እያወራ የነበረ ሰው ወጣ ሲባል የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የጨው ውኃ በደም ሥር ይሰጣል፣ ለአዋቂ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ሊትር፤ ፖታሲየም ያለበት ሪንገር የሚባለው ፈሳሽ አይሰጥም። «አንሣ» የሚለውን ቃል በዚያ ሰዓት ማዘዝ ያለበት ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረ የጓድ አለቃ ነው።

የደኅንነት ሹሙ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለው። ያ ሥልጣን ለምን እንደሚያስፈልግ ጎፋ አሳይቷል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሰዎችን ቀበረ፤ ሊያወጡ የደረሱትን ነዋሪዎችና ፖሊሶች ደግሞ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታ ከቆፋሪዎቹ የተለየ፣ ሥራው ተራራውን ማየት ብቻ የሆነ ሰው፣ ፊሽካና አስቀድሞ የታየ የማምለጫ መንገድ ያስፈልጋሉ። ሦስቱም ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

ለእኛ ቅርብ የሆኑት

ኢንሳራግ ቡድኖችን ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ብሎ ይመድባል። መካከለኛው በአንድ ቦታ ቀንና ሌሊት ለ7 ቀን፣ ከባዱ በሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ ለ10 ቀን መሥራት አለበት፤ ፈተናውም በየአምስት ዓመቱ ይደገማል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ቡድን ከከባዶቹ አንዱ ነው፤ በ1998 የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ሲመታ ናይሮቢ ድረስ መጥቶ ሠርቷል፣ የእስራኤል ጦር ነፍስ አድን ቡድንም እዚያ ነበር።

በአዲስ አበባ ይህ ሥራ የከተማው እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሡት ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ሲሰሙ ብዙ ፎቅ ነዋሪ ወደ ደጅ ወጥቶ ነበር። በአገሪቱ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሕይወት የጠፋባቸው መደርመሶች ግን የሕንፃ አልነበሩም፤ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. እንደተናደው የቆሼ ቆሻሻ ክምርና እንደ ጎፋው ናዳ ያሉት ክፍተት አይተዉም። አፈርና ቆሻሻ እንደ ሶሌታ ድልድይ ሠርቶ አየር አያቆይም፤ መተንፈሻው ጊዜ በደቂቃ ይቆጠራል፣ የኮንክሪት መቁረጫም እዚያ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚደራጅ ቡድን የፌማን ሰንጠረዥ ሲወስድ ቁጥሩን ማሻሻል አለበት፦ የኮንክሪት ሰባሪውን ቦታ ቀንሶ የአፈር መሐንዲስ፣ የጉድጓድ ግድግዳ ደጋፊና ከኤክስካቫተር ጋር መሥራት የለመደ ባለሙያ መጨመር፤ ጥንድ መሪ፣ የደኅንነት ሹምና ርክክብ ግን እንዳሉ ይቆያሉ።