ቢላዋ ፈቃድ አይጠየቅበትም ማለት ምን ማለት ነው?
ጣና ዳር ቀረሶ ዓሣ የሚያጸዳውን ልጅ «የቢላዋ ፈቃድ አለህ?» የሚለው የለም። ጠመንጃ ግን ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላል። ባሕር ዳር ውስጥ አንዳንዱ ከዚህ ተነስቶ «ቢላዋ ሕግ የለውም» ይላል። አደገኛ ስህተት ነው!

በባዶ እጅ ቀላል ጉዳት ከደረሰ፣ ተጎጂው ካላመለከተ ክስ የለም። በቢላዋ ወይም ጉዳት ማድረስ በሚችል ሌላ መሣሪያ ከሆነ ግን፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 መሠረት አቤቱታ አይጠበቅም። ቅጣቱም ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ ልከን እንታረቃለን» ብላችሁ አትተማመኑ። እርቁ መልካም ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ግን መክሰስ ይችላል። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ቅጣቱ ይብሳል።

ሰልፍ ላይማ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የፈቀደው መሣሪያ ሳይዙ ለሚወጡ ነው።